የኖኤ እትብትና የሃና መንገድ

«ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለን። የሃናን መንገድ እንሂድ ወይስ ይቅርብን?»

ኡሉላኒ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማች እግዜር ይወቀው። በሃዋይ፣ በማዊ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ፣ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ ቆማ፣ እንግዳ የት ይሂድ የት ይዋል እያለች ስትመክር ፀጉሯ ሸብቷል። እንግዳውም ሠራተኛውም «አክስት ኡሉ» ይላታል፤ እዚያ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ የሁሉም አክስት ናት። አለቃዋ ግን ብዙም አይወዳትም። ሆቴሉ በደሴቲቱ ምሥራቅ ጫፍ ወዳለችው ሃና መንደር የሚወስድ የራሱ ሚኒባስ አለው፣ ትኬቱን የምትሸጠውም እሷ ናት፤ እሷ ግን ትኬት ከመሸጥ ይልቅ ሰው ስታስቀር ትውላለች።

ምክሯ ምንም አይለዋወጥም። ሳምንት ያለው ሰው ይሂድ። ሦስት ቀን ያለው ሰው ግን ይዋኝ፣ ይብላ፣ ይተኛ። ያ መንገድ ባሕሩን በግራ ተራራውን በቀኝ ይዞ ሲጠማዘዝ ነው የሚውለው። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች ላይ ተሰልፎ መጠበቅ አለ፤ የሚነዳው ሰው ከፊቱ ያለውን መኪና ቂጥ እንጂ ፏፏቴ አያይም፤ ከኋላ የተቀመጠው ያስመልሰዋል፤ ባልና ሚስት ተኳርፈው ይመለሳሉ። «መጨረሻው ላይስ ምን አለ?» ሲሏት «እኛ አለን» ትላለች። እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። እሷ ግን እውነቷን ነው፤ ሃና ከመድረሱ በፊት ወደ ባሕሩ ቁልቁል የሚወርደው የናሂኩ ሰፈር ልጅ ናት፤ ዝናብ የማያባራበት፣ ጎደሬ በየጓሮው የሚበቅልበት።

ታዲያ ይህች ሰው ስታስቀር የኖረች ሴት፣ በዚያ ሰሞን አንድ ሰው በዚያ መንገድ እንዲሄድላት ተንበርክካ መለመን ብቻ ነበር የቀራት። ያ ሰው ልጇ ነው።

ካኤኦ አንድ ልጇ ነው። ደሴቲቱ ላይ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲል፣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ ጓዙን ጠቅልሎ በረሃ መሃል ወዳለችው ላስ ቬጋስ ከሄደ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የሃዋይ ሰው እዚያ ከመብዛቱ የተነሣ ከተማዋን ከስምንቱ ደሴቶች ቀጥላ «ዘጠነኛዋ ደሴት» ናት እያሉ ይቀልዱባታል፤ ቀልዱ የሚያስቀው ግን ልጁ ያልሄደበትን ሰው ነው። ካኤኦ እዚያ በአንድ ቁማር ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል። ወላጆቿ ከፊሊፒንስ የመጡ ማሪቪክ የምትባል ደግ ልጅ አገባ፤ ኖኤም ተወለደች።

ኖኤ ስትወለድ ኡሉላኒ ምራቷን ልታርስ ሄዳ ነበር። አንድ ጠዋት ሕፃኗን ስታጥብ የደረቀው እትብት እጇ ላይ ወደቀ። በጨርቅ ጠቅልላ፣ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከታ፣ ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ለሚያስረው ልጇ «እኔ ጋ ነው» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም አላነሡትም። ጠርሙሱ አራት ዓመት ሙሉ ኡሉላኒ ቤት በሩዝ ጣሳ ውስጥ ተቀብሮ ኖረ። እትብቱን አይጥ የበላበት ልጅ ሲያድግ ሌባ ይወጣዋል ይባላልና፣ ቤቷ ካለው ዕቃ ሁሉ ክዳኑ በደንብ የሚገጥመው ያ ጣሳ ነበር።

ናሂኩ ባለው የአባቶቿ መሬት ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። በስንጥቆቹ ውስጥ የቤተሰቡ ሁሉ እትብት ገብቷል፤ የአያቷ፣ የአባቷ፣ የራሷ፣ የካኤኦ። በነሱ ቤት ደንብ የልጁ አባት በገዛ እጁ ከራሱ ስንጥቅ አጠገብ ያስገባዋል፣ በጠጠርም ይደፍነዋል። የአያት ድርሻ ይዞ ማቆየት እንጂ መቅበር አይደለም።

መሬቱ ግን ተሸጠ። ከአንድ ቅድመ አያት የወረሱት የአጎትና የአክስት ልጆች በዝተዋል፤ ግማሾቹ መሬቱን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ ይሸጥ አሉ። ኡሉላኒ አልፈርምም ብላ ተሟገተች፣ ተረታች። ገዢው ከሰኞ ጀምሮ እንደሚያጥረው ወሬው ደረሳት። ከሰኞ በኋላ ድንጋዩ በሰው ጓሮ ሊቀር ነው። ስለዚህ ልጇን ናፍቃችሁኛል፣ ኑልኝ እያለች በስልክ ወተወተችው፤ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን ክፍል ለምና አስያዘችላቸው። እሱ ያገኘው ፈቃድ አጭር ነው። ሐሙስ ከሰዓት ገብተው እሑድ ሊመለሱ ሆነ።

ለምን ቁርጡን አልነገረችውም የሚል ሰው ዓሣ አጥማጅ ቤት አላደገም። አባቷ መረቡን ተሸክሞ ሲወጣ «ወዴት ነው?» ያለው ካለ መልሱ «ዞር ዞር ልል ነው» ነበር። አፉ አምልጦት «ዓሣ ልታጠምድ ነው?» ያለው ካለ ግን መረቡን አውርዶ ተመልሶ ይተኛል፤ ዓሣው ሰምቷልና። እዚያ አገር የከበደ ጉዳይ በስሙ አይጠራም፣ በጎን በጎኑ ነው የሚሄዱበት። ኡሉላኒ ይህን ደንብ የጣሰችው አንዴ ብቻ ነው። ባሏ ለልብ ቀዶ ጥገና ወደ ሆኖሉሉ ሲሻገር ለጎረቤቱ ሁሉ «ድኖ ይመጣል» ብላ አወራች። የመጣው ሬሳው ነው። ከዚያ ወዲህ ሆዷ የያዘውን አፏ አያወጣውም። ልጇም የዚያው ቤት ልጅ ነውና፣ «ዞር ዞር» ስትለው ወዲያው ይገባዋል ብላ ተማመነች።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ራት በሉ። ኡሉላኒ ጥሬ ዓሣ በሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት ለውሳ፣ ሩዝ ቀቅላ፣ የተቦካውንም የጎደሬ ገንፎ አምጥታ ነበር። ማሪቪክ ገንፎውን በጣቷ ጠንቁላ ቀመሰችና ፊቷ እንዳይኮማተር ስትታገል ኡሉላኒ አየቻት።

«ይጥማል፣ እማማ» አለች ምራቷ።

«አትዋሺ። ውሸት ላይ ቆንጆ አይደለሽም» አለቻት ኡሉላኒ፣ ሁለቱም ሳቁ።

ሳቁ ሳያልቅ ኡሉላኒ ዓይኗን ሩዙ ላይ ተክላ ተናገረች። «ቅዳሜ ፈቃድ ወስጃለሁ። ወደ ናሂኩ ዞር ዞር ብለን ብንመጣስ?»

የካኤኦ እጅ ሳህኑ ላይ ቆም አለ፣ ከዚያ መብላቱን ቀጠለ። እናያለን አለ። ማሪቪክ ሩቅ እንደሆነ ጠየቀች። ቀኑን ሙሉ ይወስዳል አላት። ምን ይታያል ስትለው ደግሞ ዛፍ፣ ዝናብና ከፊትሽ ያለ የኪራይ መኪና ብሎ መለሰላት። ኖኤ ከአየር ማረፊያው እስከ ሆቴሉ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ እንኳ የእናቷን ቀሚስ ሁለት ጊዜ አበላሽታዋለች፤ ማሪቪክ ልጅቷን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ኡሉላኒ የልጇን ዓይን ፈለገች። አንዲት ምልክት፣ የቅንድብ ከፍ ማለት ትበቃት ነበር። እሱ ግን ዓሣውን ነበር የሚያየው።

ኡሉላኒ ገና ደክሞት ነው ብላ ራሷን አጽናናች፤ ነገ ይገባዋል።

አርብ ረፋድ ላይ ሦስቱም ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። ኖኤ ቀለም የተረጨበት የበረዶ ፍርፋሪ ይዛ አፏ ሰማያዊ ሆኗል። ካኤኦ ራቅ ብሎ ምሰሶው ስር ቆመ፣ እጁን ኪሱ ከቶ። ማሪቪክ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና፣ ማንበብ ሰለቸኝ፣ ግማሹ ሰው በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም ይላል፣ ግማሹ ቀኔን በላብኝ ይላል፣ ባሌን ብጠይቀው ትከሻውን ይነቀንቅልኛል ብላ አማረረች።

«እማማ፣ ሥራዎ ነው» አለቻት በመጨረሻ። «እንደ እናት ሳይሆን ልክ እንደ ማንኛውም እንግዳ ይንገሩኝ። እኛ ያለን ነገ ብቻ ነው። ያ መንገድ ለኛ ይሆናል?»

ኡሉላኒ «ይሆናል» ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። ማሪቪክ ታምናት ነበር፣ ነገ ጠዋት መኪና ውስጥ ይሆኑ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ መዋሸት የሚገባው ውሸት ነው። ግን ወደ ምሰሶው አየችና ሌላ ተስፋ መጣባት። እንግዳ የሚለውን ቃል ጫን አድርጋ ብትለው፣ እሱ እዚያው ሆኖ «እኛ እንግዳ ነን እንዴ?» ይላል። ሌላ ምን ሊል ይችላል? እዚያ የተወለደ፣ እዚያ ገደል ላይ ብስክሌት የነዳ ልጅ፣ እንግዳ ሲባል እንዴት ዝም ይላል?

«ለእንግዳ ከሆነ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል፣ «ሦስት ቀን ላለው፣ ልጁንም መኪና ለሚያስመልሰው እንግዳ፣ አይሆንም።»

ከዚያ ጠበቀች። ካኤኦ ቀና አለ። ደረቱ ሲነፋና ትንፋሹን ሲለቅ ከሩቅ ታያት፤ ሸክም የወረደለት ሰው አተነፋፈስ ነበር።

«በቃ፣ ባለሙያዋ ፈረደች» አለ እየሳቀ። «ነገ አሸዋው ላይ እንውላለን።»

ማሪቪክ አመስግና ጉንጯን ሳመቻት፣ ኖኤ በሰማያዊ አፏ እጇን ሳመቻት፣ ሄዱ። ከኋላቸው ተራ ይጠብቁ የነበሩ ባልና ሚስት ቀረብ ብለው ዓሣ ነባሪ ሊያሳይ ስለሚወጣው መርከብ ጠየቋት። ኡሉላኒ ምን ብላ እንደመለሰችላቸው ከዚያ በኋላ ትዝ አላላትም።

ቅዳሜ ፈቃዷን በከንቱ አላቃጥልም ብላ አብራቸው አሸዋው ላይ ዋለች። ጠርሙሷን ከሩዙ ጣሳ አውጥታ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛት ነበር፤ ሆዷ ገና ተስፋ አልቆረጠም። ጠዋት «አሁን ብንነሣ በብርሃን ደርሰን እንመለሳለን» አለች በልቧ። ጥላው ሲያጥር «አሁን ብንነሣ በብርሃን እንደርሳለን፣ መመለሱ በጨለማም ይሁን» አለች። ኖኤ አሸዋ ትቆፍራለች፣ አያቷን እግርሽን ልቅበረው ትላታለች፣ ኡሉላኒም ቅበሪው ትላታለች። ፀሐይዋ አዘነበለች። ያን መንገድ ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እያንዳንዱን ድልድይ በልቧ እየተሻገረች፣ ሰዓቱን ትቀንሳለች። የሞት ሞቷን ዞረች።

«ካኤኦ፣ ገና ብርሃን ነው። ትንሽ ዞር ዞር ብንልስ?»

ማሪቪክ ነበረች ቀድማ የመለሰችው፤ እኔ ከልጅቷ ጋር ልቅር፣ እናትና ልጅ ሂዱ፣ ብቻችሁንም ትጫወታላችሁ አለች። ይህችን ዕድል ሰማይ አወረደላት። ኖኤ መኖር ግድ አልነበረም፤ የሚያስፈልገው የአባቷ እጅ ብቻ ነው። ኡሉላኒ ከአሸዋው ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

ካኤኦ አልተነሣም። «እማ፣ ተይኝ» አለ። «ተሽጧል። ምን ልየው? የሰው አጥር ልየው? እንደ ቱሪስት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ በመስኮት ፎቶ ላንሣ? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ናፍቆቱን ስውጠው ኖሬያለሁ። አታሳይኝ።»

መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ ፊቱንም ወደ ውሃው አዞረ። ለካ ልጁ ልቡ ደንድኖ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። እናትየዋም ፈርታ ነው። ሁለቱም የሚወዱትን አንድ ነገር በየሆዳቸው ይዘው፣ የደሴቲቱን መንገድ ረጅም ነው አጭር ነው እያሉ ሲከራከሩ ሦስት ቀን አለቀ።

ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሷን አውጥታ ብታሳየው አንድ ቃል እንኳ አያስፈልግም ነበር። ግን የባሏ ሳጥን ከአውሮፕላን ሲወርድ ታያት፣ አጠገቧም ኖኤ ቁጭ ብላ አሸዋ ትዝቃለች። ለራሷ አልነበረም የፈራችው። «እሺ፣ ይቅር» አለች፤ ተመልሳም ቁጭ አለች። ያን ቀን ቤቷ ገብታ የገላ መታጠቢያውን ውሃ ከፍታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች አለቀሰች።

እሑድ ጠዋት ራሷ አየር ማረፊያ አደረሰቻቸው። ሻንጣቸው ተፈትሾ፣ ሰልፉ ገብተው፣ ከገመዱ ወዲህ ለመሰናበት ሲቆሙ፣ ኡሉላኒ በድንገት የሚያስፈራት ነገር እንደሌለ ተሰማት። ከዚህ ወዲያ የሚበላሽ አልቀረም። ልጇን መጥራት አልሆነላትም፤ የማሪቪክን እጅ ይዛ ጠርሙሷን መዳፏ ላይ አኖረችላት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ድንጋዩን፣ የአባትየውን እጅ፣ ሰኞን፣ አራት ዓመት ሩዝ ውስጥ መኖሩን። ከአፏ ሲወጣ ትንሽ ነገር ነበር፤ ሰልፉ ሦስት ሰው ሳያራምድ አለቀ።

ማሪቪክ ጠርሙሷን ከፍ አድርጋ አየቻት። የልጇ እትብት እንደተጣለ ነበር የምታውቀው። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ወዲያው ደግሞ ቁጣ መጣባት።

«ዞር ዞር ሲሉ የከረሙት ይህንን ነው?» አለች። «እኔኮ መንገድ መስሎኝ። ሰው የሚያየው መንገድ መስሎኝ። አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ፣ እማማ፣ ልጄ እስከ መጨረሻው ብታስመልስ እንኳ ባልዲ ይዤላት እሄድ ነበር።»

እውነት ነው። ይህች ከሩቅ የመጣች፣ ገንፎውን እንኳ መዋጥ ያቃታት ልጅ፣ ትሄድ ነበር።

ማሪቪክ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

የካኤኦ ፊት አመድ መስሏል። «እሷ ጋ እንዳለ አውቅ ነበር» አለ። «ረሳሁት። ዞር ዞር ስትል... እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሰማኋት።»

ሚስቱ ቅር፣ አሁኑኑ ከእናትህ ጋር ሂድ፣ እኔ ልጅቷን ይዤ እገባለሁ አለችው። ካኤኦ ሰልፉን አየ፣ እናቱን አየ። ነገ ጠዋት ፈረቃ አለኝ አለ፤ ፈቃዱንም ያገኘሁት ተጣልቼ ነው፣ ብቀር ሌላ ሰው ያስገባሉ። ይህን ሲል ወደ ማንም አላየም። ማሪቪክ አልጮኸችበትም፤ የቤታቸውን ኪራይ እሷም ታውቀዋለች።

«እሺ፣ እኔ ይዤው ልሂድ» አለች። ከዚያ ጠርሙሷን እንደገና አየቻት። «ይዤው ሄጄ የት ልቅበረው? እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ታች ደግሞ አስፋልት ነው።»

ሰልፉ ተራመደ። ማሪቪክ ጠርሙሷን መልሳ በኡሉላኒ እጅ ላይ አደረገችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችባት። እርስዎ ይቅበሩት አለቻት። ኡሉላኒ የኔ ድርሻ አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ድርሻው ያለው ማን ቀረ?» አለች ማሪቪክ፣ በለሆሳስ።

ካኤኦ እናቱን አቅፎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ጆሮዋ ስር፣ «ብሄድም ድንጋዩን የማገኘው አይመስለኝም» አላት። ከዚያ ኖኤን ታቀፈና ገባ። ልጅቷ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን አወዛወዘች፣ ምንም አላወቀችም።

የሃና መንገድ የሚጀምረው ከአየር ማረፊያው ደጃፍ ነው። ኡሉላኒ ወደ ቤቷ የሚያስኬደውን ትታ ወደዚያ ታጠፈች። የእሑድ ቀን ነው፣ የኪራይ መኪናው በየፏፏቴው ቆሟል፤ ጡሩንባ መንፋት በነሱ ዘንድ ነውር ነውና እየተከተለች፣ በየድልድዩ እያሳለፈች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ነዳች። ሰው እንዳይሄድበት ስታስቀር የኖረችው መንገድ መሆኑን አሰበችና በራሷ ላይ ሳቅ መጣባት፣ ሳቁም ወዲያው ጠፋ።

ናሂኩ ስትደርስ ዝናቡ ያካፋል። ሰኞ ይጀመራል የተባለው አጥር ቁሞ አልቋል። የቀረው በሩ ብቻ ነው፤ አንድ እኩያዋ የሚሆን ሰውዬ፣ ባርኔጣው ውሃ እየጠጣ፣ የበሩን ማጠፊያ ይመታል። ፊቱ የዚያ አገር ሰው ፊት ነው፣ ግን አታውቀውም። ከመኪና ስትወርድ መዶሻውን አቆመ።

«እህቴ፣ ሰው አታስገባ ተብያለሁ» አለ፣ እያፈረ።

ድሮ ብትሆን ዞር ዞር ልል ነው ትለው ነበር። «የልጅ ልጄን እትብት ልቀብር ነው የመጣሁት» አለችው፣ ፊት ለፊት። «እዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ነው የሁላችንም ያለው።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። «የልጁ አባትስ?»

«ላስ ቬጋስ።»

መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «የኔም ልጆች ሦስቱም እዚያ ናቸው» አለ። በሩን ገፍቶ ከፈተላት።

ድንጋዩ እንደነበረ ነው፣ የድንጋይ ሽበት አብቅሎ፣ ረጥቦ። የካኤኦን ስንጥቅ በጣቷ ዳስሳ አገኘችው፤ ባሏ የደፈነበት ጠጠር አሁንም ጠብቆ ይዟል። ከጎኑ ያለውን ስንጥቅ በፀጉር መርፌዋ ጠርጋ፣ ጨርቁን ፈትታ፣ ያችን የደረቀች ቁራጭ አስገባቻት። የኔ ድርሻ አይደለም፣ ይቅርታ አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ። ጠጠር ፈልጋ፣ በሌላ ድንጋይ መትታ ደፈነችው፤ የልጅቷንም ሙሉ ስም፣ ካኖኤኦካላኒ፣ ጮክ ብላ ጠራች። ከዚያ ጉልበቷ እስኪያማት ድረስ ተንበርክካ አለቀሰች።

ሰውዬው በሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ይጠብቃታል። ዝናቡ በርትቷል፣ እሱ ግን አልተጠለለም።

«ና፣ ቦታውን ላሳይህ» አለችው። «እኔ አርጅቻለሁ። ልጅቷ አንድ ቀን መጥታ ብትጠይቅ የሚያሳያት ሰው ይኑር።»

ሰውዬው ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

«እኔም በወሩ መጨረሻ ወደ ልጆቼ ልሄድ ነው፣ እህቴ» አለ።

ቢሆንም ተከትሏት ሄደ፣ እሷም ስንጥቋን በጣቷ እያመለከተች አሳየችው፣ እሱም ጎንበስ ብሎ በደንብ አየ። ተያይዘው ከወጡ በኋላ በሩን ገጠመና ሰንሰለቱን አዙሮ ቆለፈው።